ክርክር፦ ማሲንቆ ባለበት ባንድ ሲንተሳይዘር ላይ ፈዝ ፔዳል ይግባ? ከገባስ የትኛው?

ኪቦርዲስት፣ ባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ የጎጃም ሙዚቀኞች። ባንዳችን ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ አንዲት ድምፃዊትና እኔ ነን። ለዘንድሮ ሠርግ ኮርግ ሞኖሎግ የሚባለውን ትንሽ ሲንተሳይዘር ይዣለሁ። 25 ቁልፍ አለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ይጫወታል፣ መብራት ሲጠፋም በ6 ባትሪ ይሠራል። የቤዝ መስመሩ ሻከር እንዲል ፈዝ ፔዳል፣ ማለትም ድምፅ የሚያሻክር በእግር የሚበራና የሚጠፋ ዕቃ፣ ልገዛ ነበር፤ ማሲንቆ ተጫዋቻችን «ባህል ዘፈን ላይ ይሄ አይገባም» ብሎ ቆመ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ይግባ የምትሉ ደግሞ የትኛው እንደሚሻል ንገሩኝ።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ደብረ ማርቆስ፦
እኔም ከጓደኛህ ጋር ነኝ፤ አይግባ። የእኛ አገር አድማጭ ዘፈን የሚሰማው ለግጥሙ ነው። አዝማሪ ስንኝ ሲጥል ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚፈልግ ሰው ፊት ነው የምንቆመው፤ አንዲት ቃል ከተዋጠች ወርቁ የለም። ማሲንቆ ደግሞ ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት፣ ድምፅዋም የምትኖረው ከሰው ድምፅ ጎን ነው። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሻካራ ድምፅ ሲገባ የምትሸነፈው እሷ ናት። ከዚያ ማሲንቆው ይጨመር ይባላል፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ድምፃዊውም ለመሰማት ሲል ይጮኻል። ይህን ብዙ ሠርግ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያንገበግበኛል።

የሙዚቃ ተማሪ፣ ቡሬ፦
ጋሼ፣ በግጥሙ እስማማለሁ። ግን ሻካራ ድምፅ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በገናን ይመልከቱ፦ በ10ሩም ክር ሥር እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ የሚገባው ድምፁ እንዲነዝር ተፈልጎ ነው። አባቶቻችን ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት አቅቷቸው አይደለም፤ ንዝረቱን ወደውት ነው።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ደብረ ማርቆስ፦
ልጄ፣ በገናን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ግን በገና የሚደረደረው ለጸሎት ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ በገና፣ አንድ ድምፅ። ንዝረቱ የሚሸፍነው ሌላ መሣሪያ አጠገቡ የለም። እኔ ሻካራ ድምፅ አልጠላሁም፤ የኔም ቀስት ዕጣን ተቀብቶ ነው ክሩን የሚይዘው። የምጠይቀው ቦታውን ነው።

ድምፅ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦
አያ፣ ጥያቄው የቦታ ነው ካሉ ተግባብተናል። ፈዝ ሁሉ አንድ ቦታ አይቀመጥምና።

ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፈዝ ፌስን ነው፤ አርቢተር የተባለው የለንደን ድርጅት በ1966 ያወጣው ክብ ፔዳል። ውስጡ ያሉት 2 ትራንዚስተሮች ብቻ ናቸው፣ የተሠራውም ለጊታር ነው። ጊታር በቀጥታ ሲሰካበት ፔዳሉ ፒክአፑን፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል፣ ይጫነዋል፤ የሚወደድለት ወፍራም ድምፅ ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሲንተሳይዘር ግን ፒክአፕ የለውም፣ የሚያወጣው ሲግናልም ጠንካራ ስለሆነ ፔዳሉ አይጫነውም። ስለዚህ ድምፁ ሹል ይሆንና አያ በፈሩት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። በሲንተሳይዘሩና በፔዳሉ መሀል 10 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ቢገባ ይሻሻላል፤ የትኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ይበይደዋል። ትራንዚስተሮቹ ጀርማኒየም ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠሩ ከሆኑ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ጠባዩ ይለወጣል። ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ያስተካከልከው ድምፅ ቆላ ወርደህ ዳስ ውስጥ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል።

እኔ የምመክረው ቢግ መፍን ነው። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የሚባለው የኒውዮርክ ድርጅት ሥራ ነው፣ 4 ትራንዚስተር አለው፣ ከሲንተሳይዘርም ጋር ያለ ጣጣ ይሠራል። ዋናው ነገር ቶን የሚባለው ማዞሪያው ነው፤ መሀል ላይ ስታቆመው 1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ይቀንሳል። ጊታሪስቶች «ሶሎዬ ባንዱ ውስጥ ተዋጠ» ብለው የሚያማርሩበት ይሄንኑ ነው። ለእኛ ግን ይህ ጉድለት በረከት ነው። ቤዙ ከታች ይቀራል፣ ሽካሬው ከላይ ይሰማል፣ መሀሉ ለማሲንቆና ለቃል ይለቀቃል።

ስትሰካው የሲንተሳይዘሩን ቮልዩም ዝቅ አድርገህ ጀምር። ከጊታር እጅግ የበለጠ ሲግናል ስለሚልክ፣ ሞልተህ ከሰጠኸው የፔዳሉን ሰስቴን፣ የሽካሬውን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ፣ ብታዞረው ለውጡ እምብዛም አይሰማህም። አንድ ዝቅ ያለ ኖታ ያዝና የሞኖሎጉን ከትኦፍ፣ የላይኛውን ድምፅ የሚዘጋና የሚከፍተውን ማዞሪያ፣ ከዝግ ጀምረህ ቀስ እያልክ ክፈት፤ ፈዙ «ኡ» ከሚለው ተነሥቶ «አ» ወደሚለው ሲከፈት ትሰማዋለህ። እጅህ ከትኦፉ ላይ፣ ጆሮህ ማሲንቆው ላይ ይሁን። ማሲንቆው መደብዘዝ ሲጀምር እዚያው ቁም።

የሙዚቃ ተማሪ፣ ቡሬ፦
ሞኖሎግ እኮ በውስጡ ድራይቭ የሚባል ድምፅ የሚያሻክር ማዞሪያ አለው። ታዲያ ለምን ሌላ ብር ይወጣል?

ድምፅ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦
መጀመሪያ እሱን ሞክር፤ ከበቃህ አትግዛ። ችግሩ ድራይቩ መሀሉን አይለቅም፣ በእግርም አይጠፋም።

ድምፃዊት፣ ዳንግላ፦
በእግር የሚጠፋ መሆኑ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ፈዝ ሲበራ ትንሹን ጫጫታ ሁሉ ያጎላል፤ ጀነሬተር ላይ ከሆንን እዝዝዝ የሚለው አይቆምም። ሙዚቃው ሲሞላ አይታወቅም። ስንኝ ልጥል ሁሉም ረገብ ሲል ግን ያ እዝዝታ ብቻውን ይቀራል፣ የሠርገኛውም ጆሮ ከእኔ ቃል ወደ እሱ ይሄዳል። ስለዚህ ይግባ፤ ግን እኔ አፌን ስከፍት ይጥፋ፣ እስክስታው ሲጀመር ይብራ። ይህን ቃል የማይገባልኝ ኪቦርዲስት ጋር አልሠራም።

ኪቦርዲስት፣ ባሕር ዳር፦
እቴ፣ ልክ ነሽ፤ ለእኛዋም ድምፃዊት ይህንኑ ቃል እገባለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ሞኖሎጉ 2 ኦሲሌተር፣ ማለትም ድምፅ አመንጪ፣ አለው። ሁለተኛውን በሌላ ኖታ ብቃኘው ፈዙ ውስጥ ያምራል?

ድምፅ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እንደ ርቀታቸው ነው። ፈዝ ሁለት ኖታ ሲገባበት ድምራቸውንና ልዩነታቸውንም ይወልዳል። 200 እና 300 ኸርዝ ብታስገባ 100 ኸርዝ ይጨመርልሃል፤ ያ ከታችኛው ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቤዙን ያወፍረዋል። አንቺሆዬና አምባሰል ውስጥ ያሉትን የተጠጋጉ ኖታዎች አንድ ላይ ብታስገባ ግን የሚወጣው መንገጫገጭ ብቻ ነው። ቤዝ ላይ እንደ 200 እና 300ው በአምስተኛው ኖታ ርቀት ቃኘው፣ አለዚያም በአንድ ኦሲሌተር ተጫወት።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሁላችሁንም ሰማሁ። ድምፃዊቷ የጠየቀችው ተገቢ ነው፣ መሀሉ ይለቀቃል የተባለውንም በጆሮዬ ብሰማው ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አላነሣችሁም። እኔ ማሲንቆዬን የምቃኘው በድምፃዊው ነው፤ ኪቦርድ ደግሞ የራሱ ቅኝት አለው። ጥርት ባለ ድምፅ ሲሆን ልዩነቱ ይቻላል። ፈዝ ግን የላይኛውን ድምፅ ሁሉ ስለሚያወጣ በትንሽ አለመገጣጠም ሁለታችንም ስንንገዳገድ እንሰማለን። በዚህ ላይ መልስ ካልተሰጠኝ አቋሜን አልለውጥም።

ኪቦርዲስት፣ ባሕር ዳር፦
ጋሼ፣ ለእሱስ መልስ አለው። ሞኖሎግ ቅኝቱን በየኖታው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳል። ከልምምድ በፊት ማሲንቆ ተጫዋቻችን የትዝታንና የአምባሰልን ኖታዎች አንድ በአንድ ይስጠኝ፣ እኔ በእሱ እቃኛለሁ። ቢግ መፉን ከጓደኛ ተውሼ እሞክረውና፣ በፈዝና ያለ ፈዝ ቀድተን እዚሁ እለጥፋለሁ። ይግባ አይግባ የሚለውን እርስዎ ሰምተው ይፍረዱ።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ደብረ ማርቆስ፦
ለጥፍ። ግን ግጥም ያለበትን ቅዳ፤ ከበሮና እስክስታ ብቻውን አይበቃኝም።