ፓላክ ፓኒር ቤት ውስጥ ሲሠራ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦
የህንድ ምግብ ቤት ፓላክ ፓኒር (ፓኒር የሚባል አይብ የሚገባበት የስፒናች ወጥ) ለምለም አረንጓዴና ልስልስ ነው። ቤት ሲሠራ ግን ቡናማ ይሆናል፣ ይመራል፣ ፓኒሩም እንደ ላስቲክ ይደርቃል። 500 ግራም ስፒናች ከሽንኩርትና ከ2 ቲማቲም ጋር 20 ደቂቃ ተከድኖ ይበስላል፣ ከዚያ ይፈጫል፣ 250 ግራም የተጠበሰ ፓኒር ይገባበታል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦
ክዳኑና ቲማቲሙ ላይ ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ሙቀትና አሲድ ሲያገኘው ማግኒዥየሙን ይለቅና ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቲማቲም አሲድ ነው፤ ቅጠሉም ሲሞቅ የራሱን አሲድ ያወጣል፣ ክዳን ሲደፋበት ያው አሲድ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል።

ስፒናቹን ለብቻው ሥሩት። ወፍራም ግንዱን ቀንጥሳችሁ በትልቅ ድስት በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ሳትከድኑ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው በረዶ ወዳለበት ውሃ። ጨመቅ አድርጋችሁ ከ2 ቃሪያ ጋር ፍጩት። የተቀቀለበትን ውሃ ድፉት፤ ጥርስ የሚያሻክረው ኦክሳሊክ አሲድ ከፊሉ እዚያ ይቀራል።

በ2 የሾርባ ማንኪያ ቅመም የሌለው ንጥር ቅቤ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን ጣል አድርጉ። ሲንጣጣ አንድ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት ጨምሩና ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን 10 ደቂቃ ያህል አቁላሉ። ከዚያ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ድምብላል። ቲማቲም አንድ ብቻ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን እስኪወጣ ድረስ። የተፈጨው ስፒናች በመጨረሻ ይገባል፤ ከ3 ደቂቃ በላይ አታቆዩት።

መልስ 2፦
እኔ ቲማቲሙን ጭራሽ አስቀረዋለሁ። ከእሳት ከወረደ በኋላ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይበቃዋል፣ ቀለሙም አይነካም።

ምሬት ነጭ ሽንኩርት ሲቃጠልም ሊመጣ ይችላል። ሌላው ካሱሪ ሜቲ ነው፣ የደረቀ የአብሽ ቅጠል ማለት ነው። የምግብ ቤቱን ሽታ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ አትተዉት፤ ግን 1 የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ በመዳፍ አሽታችሁ መጨረሻ ላይ። በፍሬው ለመተካት አትሞክሩ፣ ይመራል።

ጠያቂ፦
ፓኒሩስ?

መልስ 3፦
ፓኒር በአሲድ የረጋ ስለሆነ አይቀልጥም፤ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ውሃው እየወጣ ይጠነክራል። ጎንና ጎኑን ቀላ አድርጋችሁ በፍጥነት አውጡና ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሩት። መልሶ ይለሰልሳል።

ቤት ከሠራችሁት 2 ሊትር ቅባቱ ያልወጣ ወተት አፍሉና አውርዱ፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂ ቀስ በቀስ ጨምሩ። አጓቱ ጥርት ብሎ ቢጫማ አረንጓዴ ሲሆን አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ሎሚ ያጠነክረዋል። በጨርቅ አጥልላችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡና ከ2 እስከ 3 ኪሎ በሚመዝን ነገር ለ30 ደቂቃ ተጫኑት። ካልተጫነ መረቁ ውስጥ ይፈረፈራል።