የመምህሩ ስላይድ የማን ነው?

የሆጤ ልጅ፦ እስቲ ፍረዱኝ። ትናንት ደሴ ፒያሳ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ስገባ የመምህራችን ስላይድ ተጠርዞ ይሸጣል። ስሙ ያለባት የመጀመሪያዋ ገጽ ግን የለችም። ይሄ ሌብነት ነው ባይ ነኝ።

ሦስተኛ ዓመት፣ ኮምቦልቻ፦ ኧረ ተው አቦ! ፕሮጀክተሩ ከበራ በአንድ ሰዓት 60 ስላይድ ይሮጣል። ማስታወሻ ልያዝ ስትል አልፏል። ኮፒው ባይኖር በምን ልናጠና ነው?

የሆጤ ልጅ፦ አጥና፣ ማን ከለከለህ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማንሳትን ይፈቅዳል። እሱም ቢሆን ሙሉ መጽሐፍ አይደለም። አባዝቶ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦ ፍላሹን የሚያመጣው ተማሪ፣ ጠርዝልኝ የሚለው ተማሪ። እኔ የምሸጠው ወረቀትና ቀለም ነው። የፊቷን ገጽም የምንተዋት ወጪ ለመቀነስ ነው፣ ወላሂ።

መምህር ነኝ፦ እኔም ልናዘዝ። ስላይዴ ላይ ያለውን የልብ ሥዕል ያወረድኩት ከኢንተርኔት ነው፤ ጥጉ ላይ የባለቤቱ ምልክት ሳይቀር ይታያል። አዋጁ ለማስተማሪያ ከታተመ ሥራ በልኩ መውሰድን አይከለክልም፤ ግን ምንጩና የደራሲው ስም ይጠቀስ ይላል። አልጠቀስኩም።

ሦስተኛ ዓመት፣ ኮምቦልቻ፦ ይኸው! ቲቸር ራሳቸው አመኑ። ታዲያ የተሰረቀው ማን ነው?

የሆጤ ልጅ፦ ነገር አትጠምዝዝ። ሥዕሉ የሌላ ነው፤ ማብራሪያውና ጥያቄዎቹ የሳቸው ናቸው። የልብ አሠራር የማንም አይደለም፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈበትን መንገድ ነው። ያውም ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት።

ሦስተኛ ዓመት፣ ኮምቦልቻ፦ 50 ዓመት! እኔ ማክሰኞ ፈተና አለብኝ።

መምህር ነኝ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ተቀጥሮ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ድሮም የኔ አይደለም። የኔ የሚቀረው ደራሲነቴ፣ ስሜ ነው። እናንተ ደግሞ መርጣችሁ የተዋችሁት እሱኑ! ለማንኛውም ከሰኞ ጀምሮ ስላይዱን ከክፍል በፊት በቴሌግራም እለቅላችኋለሁ። ስሜና ምንጩ በየገጹ ግርጌ ይኖራል።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦ መምህር፣ ግርጌውን አልነካም። ግን ተማሪው የሚያሳትመኝ በአንድ ወረቀት 6 ስላይድ እየሆነ ነው። ስምዎትን በማጉያ መነጽር ካልሆነ የሚያነበው የለም።