ኡቡንቱ 22.04፦ ፋየርፎክስን አጥፍቼ በአፕት ስጭነው ተመልሶ የስናፑ ይመጣል

ሳቢያን ኮፒ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም የድሬ ልጆች። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ 5 ዴስክቶፖች አሉ፤ ሁሉም ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሲስተም)፣ 4 ጊጋ ራም፣ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ። ፋየርፎክስ ጠዋት መጀመሪያ ሲከፈት ደንበኛ ያስቆማል። «የስናፕ (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ የሚያመጣ የኡቡንቱ መጫኛ) ስለሆነ ነው» ስላሉኝ አንዱ ላይ «ሱዶ ስናፕ ሪሙቭ ፋየርፎክስ» ብዬ አጠፋሁት (ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው)፤ ከዚያ በነባሩ መጫኛ በአፕት «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ስል ያው የስናፑ ተመልሶ ገባ፣ ዳታዬንም በላው። የዲስኩም ቦታ አልተመለሰም። ኢንተርኔቱ ከስልክ ነው፤ አምስቱም ላይ ለየብቻ ማውረድ አይታሰብም። ሁለቱ ላይ ክሮምም እፈልጋለሁ።

ከዚራ ሊኑክስ፦
ከስልክ ስለምጽፍ ትዕዛዞቹን በእኛ ፊደል ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ጻፋቸው።

ጥፋቱ ያንተ አይደለም። በ22.04 ላይ ከአፕት የሚመጣው «ፋየርፎክስ» ባዶ ቀፎ ነው፤ ሥራው ስናፑን ጠርቶ ማስገባት ብቻ። ክሮሚየምም ከ19.10 ወዲህ እንደዚሁ ነው፣ እሱንም አትሞክር።

ገና ባልነካሃቸው ማሽኖች ላይ ፋየርፎክስን ዝጋና መጀመሪያ ቡክማርኩን አድን። ሆም ውስጥ ስናፕ፣ ፋየርፎክስ፣ ኮመን የሚባሉትን ፎልደሮች ተከትለህ ግባ፤ በነጥብ የሚጀምረውን የተደበቀ «.ሞዚላ» ፎልደር ሆም ላይ ኮፒ አድርግ። ከዚያ «ሱዶ ስናፕ ሪሙቭ --ፐርጅ ፋየርፎክስ»። «ፐርጅ» ካልተጨመረ ስናፕ የፕሮፋይሉን (ቡክማርክና ፓስወርድ ያለበትን) ቅጂ ለ31 ቀን ያስቀምጣል፤ የአንተም ቦታ የቀረው እዚያ ነው። «ሱዶ ስናፕ ሴቭድ» ቁጥሩን ያሳይሃል፣ ቁጥሩ 3 ከሆነ «ሱዶ ስናፕ ፎርጌት 3» በለው። «ቢዚ» ብሎ እምቢ ካለ የአፕቱን ቀፎ ቀድመህ አጥፋ፣ ሪስታርት አድርግና ድገመው።

አሁን የሞዚላን (የፋየርፎክስ ሠሪውን) የራሱን ማከማቻ፣ ማለትም አፕት የሚያወርድበትን ቦታ፣ ትጨምራለህ፦ ማከማቻው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ቁልፍ «ኪሪንግስ» ፎልደር ውስጥ፣ አድራሻው «ሶርስስ.ሊስት.ዲ» ውስጥ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው፤ «ፕሪፈረንስስ.ዲ» ውስጥ ለዚያ ማከማቻ ቅድሚያ የሚሰጥ «ፒን-ፕሪዮሪቲ፦ 1000» የሚል ፋይል። የኡቡንቱ ቀፎ የቨርዥን ቁጥሩ ፊት ላይ «1፡» ስላለው፣ አፕት ከማንኛውም የሞዚላ ቨርዥን እሱ አዲስ ይመስለዋል። 1000 ሲሆን ግን ወደ ኋላ መመለስም ይፈቀድለታል። ከመጫንህ በፊት «አፕት ፖሊሲ ፋየርፎክስ» ብለህ እይ፤ «ካንዲዴት» (ሊጫን የተመረጠው) በሚለው መስመር ላይ «ስናፕ» የሚል ቃል ካለ ፒኑ አልሠራም፣ ዳታህን አታቃጥል።

አዲሱ ባዶ ሆኖ ቢከፈት አትደንግጥ፤ አድራሻው ላይ «አባውት፡ፕሮፋይልስ» ብለህ የድሮውን ምረጥ።

ጁገል (ሐረር)፦
ወንድሜ፣ ዳታውን በተመለከተ፦ አንዱ ማሽን ላይ «አፕት ዳውንሎድ ፋየርፎክስ» በል፣ ያለ ሱዶ። የደብ ፋይሉ (የመጫኛው ጥቅል) ያለህበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። «አፕት ኢንስቶል» ግን ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ያጠፋል፤ ብዙዎች ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ፈልገው የሚያጡት ለዚህ ነው። ክሮምን «ደብልዩጌት -ሲ» ብለህ አውርድ፣ መስመር ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል።

ከፍላሽ ወደ ሆም ገልብጠህ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./» ካልክ በኋላ የፋይሉን ስም አስከትል። ነጥቧና ስላሿ ከቀሩ አፕት ፋይሉን ትቶ በዚያ ስም ያለ ጥቅል ከማከማቻዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ አያገኝምም። መጨረሻ ላይ ስለ «አንሳንድቦክስድ» የሚያወራው መስመር ስህተት አይደለም፣ እለፈው።

አንድ ነገር ግን የደንበኛ ቤት ስለሆነ፦ «አፕት ፐርጅ ጉግል-ክሮም-ስቴብል» ሆም ውስጥ ያለውን አይነካም። ሰው ሳይወጣ የተወው ኢሜይልና ፓስወርድ «.ኮንፊግ» ውስጥ «ጉግል-ክሮም» በሚለው ፎልደር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እሱንና «.ካሽ» ውስጥ ያለውን አቻውን በእጅህ አጥፋ።

ሳቢያን ኮፒ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሦስቱ ተስተካከሉ። አራተኛው ላይ እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ፤ አሁን «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» ይላል (ዲፒኬጂ ከአፕት ሥር ሆኖ ጥቅሉን የሚጭነው ነው)። አምስተኛው ደግሞ አፕዴት ስል «ገና አልጸናም» የሚል ነገር ያመጣል።

ከዚራ ሊኑክስ፦
ለአራተኛው «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። «ሎክ ማግኘት አልቻልኩም» ካለህ ከጀርባ ራሱን የሚያድስ አለ ማለት ነው፤ ጠብቀው፣ የሎክ ፋይሉን እንዳታጠፋ።

የአምስተኛው ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። «ታይምዴትሲቲኤል» ብለህ ቀኑን እይ። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ አልቃለች፣ ሲአር 2032 ናት። ሳትቀይራት ብትቀጥል ብሮውዘሩም ነገ «ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም» እያለ ድረ ገጽ ይከለክልሃል።

ጁገል (ሐረር)፦
አምስተኛው ላይ የድሮውን ፋየርፎክስ ያጠፋኸው እንደሆነ ቁልፉንና የሞዚላውን ፋይሎች ከአራቱ በአንዱ በፍላሽ አምጣ፤ ያለ ብሮውዘር ገጽ ላይ ገብተህ መገልበጥ አትችልምና።