ለዒላማ ተኩስ ርካሽ አሮጌ ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ የአያቴን ዓይነት ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የማርቆሱ (ጠያቂ)፦
እንደምን ከረማችሁ ወገኖች። የምኖረው አሜሪካ፣ ዳላስ ነው። አሁን ለእረፍት መጥቼ ደብረ ማርቆስ አባቴ ቤት ነኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። እዚያ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በወር አንዴ ዒላማ ተኩስ እንሄዳለን። እስካሁን የተኮስኩት በውሰት ነው። አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ዘመናዊ ነገር አላማረኝም። ከድሮ ጦር መጋዘን የወጣ፣ ሰደፉ እንጨት የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የሚቀባበል ነው የምፈልገው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። አያቴ በጣሊያን ጊዜ የማረከው ምንሽር አለ። አባቴ በፈቃድ ይዞት ጓዳ ተሰቅሏል። ልጅ ሆኜ ሠርግ ላይ ሲተኮስ ጆሮዬን ይዤ እሮጥ ነበር። ያንን የመሰለ ባገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ለመሣሪያው የያዝኩት 400 ዶላር ነው። የትኛው ይሻለኛል? ስገዛ ምኑን ልይ? ጥይቱስ እንደ ልብ ይገኛል? ደግሞ አባቴ «ያንተ ነው፣ ውሰደው» ይለኛል። የአያቴን ራሱን ይዤው መሄድ ይቻል ይሆን?

የቢቸናዋ፦
ወንድሜ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱን ሐሳብ ተወው። ፈቃዱ የአባትህ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝንም ማዘዋወርንም ወደ ውጭ መላክንም በፈቃድ ብቻ ነው የሚያደርገው። አባትህ ስለወደደህ ነው የሚልህ፣ ቃሉ ግን ከማርቆስ እስከ ቦሌ አያደርስህም። የአያትህ ጠመንጃ እዚያው ጓዳ ይቆይ።

አባይ ማዶ፦
እኔም የደጀን ልጅ ነኝ፣ አሁን ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እህታችን ያለችው ትክክል ነው፤ በአሜሪካ በኩልም ያው ነው። መሣሪያ ከውጭ የሚገባው አስቀድሞ በወጣ የማስገቢያ ፈቃድ፣ ባብዛኛው ፈቃድ ባለው አስመጪ በኩል ነው። በሻንጣ የሚሆን ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ግዢው። መጀመሪያ ወረቀትህ ምን ዓይነት ነው? ግሪን ካርድ ካለህ ወይም ዜጋ ከሆንክ ከሱቅ መግዛት ትችላለህ። ቅጽ ትሞላለህ፣ ያለፈ ታሪክህ ይጣራል፣ ካለፍክ ትወስዳለህ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ባብዛኛው አይፈቀድለትም፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ወንጀል ነው። ከሌላ ግዛት በኢንተርኔት ከገዛህ ዕቃው የሚመጣው ቤትህ ሳይሆን ሰፈርህ ያለ ፈቃድ ያለው ሱቅ ነው፤ ሱቁ ለዚህ ክፍያ ይጠይቅሃል። ከ400 ዶላርህ ላይ እሱን ቀንስ። ወደፊት አሮጌ መሣሪያ መሰብሰብ ከጀመርክ የሰብሳቢ ፈቃድ የሚባል አለ። ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት ያለፈው መሣሪያ በቀጥታ ቤትህ ይላክልሃል። ለአንድ ጠመንጃ ግን አያስፈልግህም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ጠመንጃ በስሙ አይገዛም። በጥይቱና በአፈሙዙ ነው የሚገዛው። «ምንሽር» ያልከው እኛ አገር አንዱ የጣሊያኑን፣ ሌላው የኦስትሪያውን፣ ሌላው ደግሞ ማናቸውንም አሮጌ ባለ አምስት ጎራሽ የሚጠራበት ስም ነው። ስለዚህ አባትህ ጓዳ ገብተህ ጽሑፉን አንብብና ንገረን። ባዶ መሆኑን ግን አባትህ ቀድመው ያረጋግጡ።

ባለ ዝናር፦
ሰላም። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነኝ፣ ለብዙ ዓመት ተኩስ አሠልጥኛለሁ። ልጄ፣ ሱቅ ስትገባ ዓይንህ ሰደፉ ውበት ላይ አይቅር። እንጨት ይለሰናል፣ ይቀባል። አፈሙዝ ግን አይታደስም።

ማቀባበያውን አውጣው፤ እሱ ከወጣ ከበስተኋላ ማየት ትችላለህ። ነጭ ወረቀት በፊት በኩል ያዝና ብርሃን አስገባ። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ፤ ጥይቱን አሹረው ቀጥ አድርገው የሚልኩት እነሱ ናቸው። ጠርዛቸው ስል ሆኖ መታየት አለበት። ጠቆር ያለ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው፣ ዝገት የበላው ከሆነ ግን በነፃም ቢሰጡህ እንቢ በል። ቀጥሎ የአፈሙዙን ጫፍ እይ። ወታደር በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ለዓመታት ሲወለውለው ጫፉ ይበላና ክብነቱ ይጠፋል፤ ያኔ ውስጡ ቢያበራም ጥይቱ አንድ ቦታ አይመታም፣ ይበተናል። አንድ ሙሉ ጥይት በእርሳሱ በኩል ጫፉ ውስጥ ገባ ስታደርገው እስከ ቀለሁ አንገት ድረስ ከተዋጠ ጫፉ ሰፍቷል ማለት ነው። ባለሱቁን አስፈቅደህ፣ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ነው ይህን የምታደርገው።

ከዚያ ቁጥር። አካሉ ላይ ያለው ቁጥርና ማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ሁልጊዜ አደጋ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ቀለሁ ተቀምጦ ማቀባበያው ሲዘጋ የሚቀረው ክፍተት በባለሙያ መለካት አለበት። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ተሰንጥቆ እሳቱ ወደ ፊትህ ይመለሳል። ቁጥሩ ቢገጥምም አስለካው። ይህን ሳታስለካ አንድም ጥይት እንዳትተኩስ፤ ይህን የምለው እንደ አባት ነው።

የቢቸናዋ፦
ጋሼ ባለ ዝናር ያሉትን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አጎቴ ለቅሶ ላይ ሊተኩስ ከሰው የተዋሰው ጥይት «ልክ ነው» ተብሎ ገባለት። ገባ እንጂ የሱ አልነበረም። ቀለሁ ከኋላ ፈነዳ። ዓይኑ ተርፏል፣ ጉንጩ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጠባሳው አለ። ጥይት ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። እባክህ ይህን ያዝልኝ።

የፍኖተ ሰላሙ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ አሮጌ መሣሪያ በጣም እወዳለሁ። ለጠያቂው አንድ የምሥራች አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። የጣሊያኑ ካርካኖ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤልጅግ የተገዛው ማውዘር፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ፣ እንኳንስ ሌላ እኛ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራስ ሳይቀር ነበሩበት። ስለዚህ የአያትህን ጠመንጃ ባትወስድም ወንድሙን እዚያው ዳላስ ልታገኘው ትችላለህ። ከአባይ ተሻግሮ፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ጠመንጃ በእጅህ ስትይዝ ምን እንደሚሰማህ አስበው።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ከአገራችን የሄዱት ብዙዎቹ የተጎሳቆሉ ናቸው። ጭስ የጠገበ፣ የተሰነጠቀ፣ በሽቦ የታሰረ ሰደፍ ታያለህ። ከነሱ ውስጥ ደግሞ ቬተርሊ የሚባል የጣሊያን ጠመንጃ አለ። የተሠራው በ10.4 ሚሊሜትር፣ ጉልበቱ አነስ ላለው ለድሮው ጥቁር ባሩድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች መሣሪያ ስላጠራቸው የካርካኖን 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲጎርስ ቀየሩት። ጥይቱ ይገባል፣ አካሉ ግን ለዚያ ጉልበት አልተሠራም። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ግድግዳ ላይ ስቀለው እንጂ አትተኩስበት። ውጅግራም የጥቁር ባሩድ ዘመን ነው፤ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ነው፤ እሱንም ለዒላማ አታስበው።

አባይ ማዶ፦
መምህር እግዜር ይስጥልን፣ የቬተርሊውን ነገር ስላነሱት ደስ ብሎኛል። እኔ ስለ ጥይቱ ልጨምር፤ ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ጠመንጃውን አንዴ ትገዛዋለህ፣ ጥይቱን በየወሩ ነው። ዛሬ የእነዚህ አሮጌዎች ጥይት አንዱ ፍሬ አንድ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በወር 40 ብትተኩስ በዓመት ከመሣሪያው ዋጋ በላይ አወጣህ ማለት ነው። ስለዚህ 400ውን ሁሉ መሣሪያው ላይ አትጨርሰው።

ሦስት ምርጫ አለህ። አንደኛው የሩሲያው ሞሲን ናጋንት ነው። ድሮ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል። ጠንካራ ነው፣ ግን ሻካራ ነው፣ ትከሻ ይደቃል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ስላቆመች የጥይቱም ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። ሁለተኛው ካርካኖ ነው፣ መምህር ያሉት። ሦስተኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩጎዝላቪያ የሠራችው ኤም 48 ማውዘር ነው። ጥይቱ 7.92 በ57 ሚሊሜትር የሚባለው ነው፤ የንጉሡ ዘመን ቤልጅግም የሚተኩሰው ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ሳይነኩ መጋዘን የቆዩ ስለሆኑ አፈሙዛቸው ንጹሕ ነው። ከበጀትህ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል፤ እኔን ብትሰማኝ ግን ትንሽ ጠብቀህ ይህንን ግዛ።

ባለ ዝናር፦
እኔ ሞሲንን አልንቅም። አፈር ቢገባበት፣ ውኃ ቢነካው ይተኩሳል። ልጁ ግን ለዒላማ ስለሆነ ማውዘሩ ይሻለዋል፤ እስማማለሁ።

አንድ ነገር ግን አስታውስ። ርካሽ የሆነው የድሮ ወታደራዊ ጥይት ክብሪቱ፣ ማለትም ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ውስጡ ያለው ቅመም ሲቃጠል ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ በአንድ ሌሊት አፈሙዙን ያዝገዋል። ዘይት ጨው አያጥብም፤ ውኃ ነው የሚያጥበው። እንዲህ ያለ ጥይት ከተኮስክ በዚያው ቀን የፈላ ውኃ በአፈሙዙ አሳልፍ፣ በደንብ አድርቅ፣ ከዚያ ዘይት ቀባ። አዲስ የሚመረተው፣ እንደ ሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ያለው፣ ይህ ችግር የለበትም። ጀማሪ ስለሆንክ በሱ ጀምር።

የማርቆሱ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግሪን ካርድ አለኝ፣ በዚያ በኩል ችግር የለም። የአያቴንም እዚሁ ልተወው ወስኛለሁ። አባቴ ጥቂት ከፋው፤ ሳስረዳው ግን ገባው።

ጠመንጃውን አባቴ ራሱ አውርዶ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየና ሰጠኝ። ጽሑፉ ላይ ያለውን ጥቀርሻ በጨርቅ ጠረግነው። ዘውድ አለበት፣ ቴርኒ የሚል አለበት፣ 1917 ይላል። በሜትር ስንለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ28 ግድም ነው። አባቴ «እኔ ይህን ጽሑፍ በሕይወቴ አንብቤው አላውቅም» አለኝ። ምንድን ነው?

የፍኖተ ሰላሙ መምህር፦
ካርካኖ ነዋ! ሞዴል 91፣ ረጅሙ የእግረኛ ጠመንጃ። ቴርኒ የጣሊያን መንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው። 1917 የተሠራበት ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ነው። አየህ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ተሠርቶ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ጎጃም ድረስ መጥቶ በአያትህ እጅ ገባ። እባክህ የማረከበትን ቦታና ታሪኩን አባትህ ሲናገር ቅዳልን። ጽሑፉ ተርፏል፣ የሰውየው ታሪክ እንዳይጠፋ።

አባይ ማዶ፦
እንግዲህ ልብህ ወደ ካርካኖ ካዘነበለ አልከለክልህም፤ እኔም ብሆን እሱን ነበር የምገዛው። ግን አውቀኸው ግባ። ስድስት ጎራሽ ነው፤ ስድስቱ ጥይት በብረት ክሊፕ ታስሮ ከነክሊፑ ነው የሚገባው። ክሊፕ ከሌለህ አንድ በአንድ ነው የምትተኩሰው። ክሊፑ ለብቻው ስለሚሸጥ መኖሩን ጠይቅ። የካርካኖ እርሳስ 6.8 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው ብዙው ደግሞ ትንሽ ቀጠን ያለ፣ 6.7 ነው። አፈሙዙ ከሰፋ ጥይቱ ይበተናል። ስለዚህ ካርካኖ ስትገዛ የአፈሙዙ ነገር ከማውዘርም ይብሳል። በ100 ያርድ፣ በእኛ 91 ሜትር መሆኑ ነው፣ ከዒላማው በላይ ቢመታብህ አትደንግጥ። ማነጣጠሪያው ለጦር ሜዳ ርቀት ነው የተሠራው። ዝቅ አድርገህ አልም።

የተኩስ ቦታህንም አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ። ብዙ ቤት ውስጥ ያሉ ቦታዎች በማግኔት የሚያዝ ጥይት አያስገቡም፤ የድሮው ወታደራዊ ጥይት ብዙው ብረት አለበት። እኔ አንድ ጊዜ 200 ጥይት ተሸክሜ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ።

የማርቆሱ (ጠያቂ)፦
ገባኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እናቴ ከድሮ ሙዳይ ውስጥ አራት ባዶ የናስ ነገር አወጣችልኝ፤ መታጠፊያ አለው፣ ስድስት ጥይት የሚይዝ ይመስላል። ክሊፕ ያልከው ይህ ይሆን? ለመታሰቢያ አንዱን ኪሴ ልክተተው?

አባይ ማዶ፦
እሱው ነው። ግን ኪስህም ሻንጣህም አታስገባው። ባዶም ቢሆን የመሣሪያ ዕቃ ነው፤ ቦሌ ላይ ስትጠየቅ በረራህ ያልፍሃል። ፎቶ አንሳውና ለእናትህ መልስላቸው። አንተ ጠመንጃውን ስታገኝ ጻፍልኝ፤ እኔ ጋ የተረፉ ሦስት ክሊፖች አሉ፣ በፖስታ እልክልሃለሁ።