«ኦፍ ዛት ኢልክ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ሰንበሌጥ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የባለቤቴ አባት ስኮትላንዳዊ ናቸው። የዘር ሐረጋቸውን ከድሮ መጻሕፍትና መዝገቦች ሲለቅሙ ኖረዋል፤ ልጆቼ በአማርኛም እንዲያነቡት እየተረጎምሁት ነው። አንድ የ17ኛው መቶ ዘመን የመሬት ሰነድ አላላውስ አለኝ። የቤተሰቡን ስም ትቼ ላስቀምጠው፦ «ጄምስ፣ ኔቮይ ቱ አምኵዋይል ጆን እገሌ ኦፍ ዛት ኢልክ»። «አምኵዋይል»ን «ነፍስ ኄር» ብዬዋለሁ። «ኔቮይ» ግን በድሮው የስኮትስ ቋንቋ የወንድም ልጅም የልጅ ልጅም ይሆናል፤ እዚህ የቱ ነው? «ኦፍ ዛት ኢልክ»ንስ ምን ልበለው?

የቀለም ቀንድ፦
ሁለተኛው እዳው ገብስ ነው። «ኢልክ» የኛው «ልክ» ነው። «ልክ እንደ አባቱ» ስንል «ያው ቁርጥ አባቱን» ማለታችን አይደል? የግእዙን «መልክእ» ጨምሩበት። ሁሉም አንድ ሥር ናቸው።

የኔታ ባሕሩ፦
ልጄ፣ ድምፅ ስለተመሳሰለ ዘር አይቆጠርም። «መልክእ» ከ«ለክአ» ነው፤ «ልክ» ከ«ለካ»። የእነርሱ «ኢልክ» የጥንቱ እንግሊዝኛ «ኢልካ» ነው፣ «ያው» ማለት። «ኦፍ ዛት ኢልክ» የሚባለው የሰውየው ስምና የመሬቱ ስም አንድ ሲሆን ነው። የትውልድና የጋሻ ምልክት ሊቅ የነበሩት ሰር ኢየን ሞንክሪፍ (በፈረንጆቹ 1919–1985) «ሞንክሪፍ ኦፍ ዛት ኢልክ» ይባሉ ነበር፤ ሞንክሪፍ የምትባል አገር ሞንክሪፎች ማለት ነው። ዛሬ እንግሊዞች «ዓይነት፣ ቢጤ» በሚል የሚጠቀሙበት ይህንኑ አገባብ በትክክል ካለመረዳት የመጣ ነው።

የቀለም ቀንድ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፍቺው ከገጠመ ድምፁም ከገጠመ ምን ቀረ?

የኔታ ባሕሩ፦
ታሪኩ ቀረ። ቃል እንደ ሰው ነው፤ አባቱ በመዝገብ ካልተገኘ በመልክ ብቻ አይፈረድለትም።

ብራና ፋቂ፦
ወደ ትርጉሙ እንመለስ። «ዘ» እያለን ምን ያስጨንቀናል? «ሞንክሪፍ ዘሞንክሪፍ»። ሊቃውንቱ «ዘብሔረ ቡልጋ» እያሉ ይፈርሙ የለም እንዴ?

የጎንደር ልጅ፦
«ዘብሔረ» ትውልድን እንጂ ይዞታን አይናገርም። ቡልጋ የተወለደ ሁሉ የቡልጋ ጌታ አይደለም። «ባላባት» ይሁን። ባለ አባት፣ አባቱ የሚታወቅና የሚቆጠር።

ብራና ፋቂ፦
«ባላባት» ውስጥ አባት እንጂ መሬት የለም። እንግዲያው «ባለርስት» አይሻልም?

የኔታ ባሕሩ፦
አይሻልም። ርስት በጎጃምም በጎንደርም ከአቅኚው አባት ተቆጥሮ በአባትም በእናትም የሚጠየቅ ነበር። የስኮትላንዱ መሬት ግን መነሻው ዘውዱ ነበር፤ ጌታው በቻርተር፣ በይዞታ ደብዳቤ፣ ይይዝ ነበር፣ ከሥሩ ላለው ደግሞ እርሱ ይሰጥ ነበር። ያ ሥርዓት በሕግ የተሻረው በፈረንጆቹ 2004 ነው፤ ትናንት በሉት። ይህ ወደ ጉልት ያደላል።

የጎንደር ልጅ፦
ጉልት ግብር መብላት ነው፤ የስኮቶቹ ለልጅ ይወርዳል። «ርስተ ጉልት» በሉት!

የኔታ ባሕሩ፦
ርስተ ጉልት ይቀርበዋል፤ ይሁንና እነርሱ ይሸጡታል፣ በዕዳ ያስይዙታል። እኔ ስለዚህ ነገር ጽፌያለሁ፤ «ርስተ ጉልት» ያለ ማብራሪያ ሊገባ አይገባም።

የጎንደር ልጅ፦
የኔታ፣ የእርስዎን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ሽያጭ ስላለ ብቻ የስሙ ባሕርይ አይለወጥም።

ከግላስጎው፦
ሰንበሌጥ እኅቴ፣ እነርሱ እስኪጨርሱ «ኔቮይ»ን ልሞክርልሽ። የመሬቱን ዝውውር በ1617 በተቋቋመው የሴዚን መዝገብ ፈልጊ። በድሮው ሥርዓት መሬት ሲተላለፍ አፈርና ድንጋይ በእጅ ያስጨብጡ ነበር፤ መዝገቡ የዚያ ድርጊት ምስክር ነው። ቀጥሎ የወራሾች መዝገብ አለ፣ ከ1530 ጀምሮ። ሰውየው የማን ወራሽ እንደሆነ፣ በምን ዝምድና እንደሆነ ሸንጎ መርምሮ ያጸደቀበት ነው። ችግሩ ከጥቂት ዓመታት በቀር እስከ 1847 በላቲን መጻፉ ነው። ላቲኑ «ኔፖስ» ይላል፤ እርሱም የልጅ ልጅም የወንድም ልጅም ነው! «ኤክስ ፊሊዮ» የሚል ከተከተለው ከልጅ፣ «ኤክስ ፍራትሬ» ካለ ከወንድም የተወለደ ነው።

ሰንበሌጥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባለቤቴ አባት ግን በስሙ ይለያል ይላሉ። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባት አያቱ ይጠራል፣ ሁለተኛው በእናት አያቱ። የጆን የልጅ ልጅ ቢሆን ኖሮ ጆን ይባል ነበር ባይ ናቸው።

ከግላስጎው፦
ያ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ደግሞ ጄምስ ሁለተኛ ልጅ ቢሆንስ? ታላቁ ሞቶ ቢሆንስ? በስም አትመኚ። በዚያ አገር ተራው ገበሬ የአለቃውን የቤተሰብ ስም የያዘበት ጊዜ አለ፤ ስም አንድ ስለሆነ ደም አንድ አይሆንም። የጥምቀት መዝገቡን እዪ። ጥንታዊው የደብር መዝገብ የፐርዝሺሩ ኤሮል ነው፣ 1553፤ የብዙ ደብሮች ግን በጣም ዘግይቶ ይጀምራል። ከጃንዋሪ 1፣ 1855 ወዲህ ደስ ይላል፤ በሞት ምዝገባው ላይ የሟች አባትም እናትም ከነእናቲቱ የልጅነት የቤተሰብ ስም ይጻፋሉ። ያገባች ሴትም በሰነዶቻቸው የአባቷን ቤት ስም አትለቅም፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሰንበሌጥ፦
አንድ ሌላ ሰነድ «ፌብሯሪ 1595» ይላል፤ በሌላው መዝገብ ግን ያው ነገር 1596 ተብሏል። ስሕተት ነው?

የኔታ ባሕሩ፦
አይደለም። እስከ 1599 ድረስ በስኮትላንድ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ነበር፤ ከ1600 ጀምሮ ነው ጃንዋሪ 1 የሆነው። በዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 25 የእኛ መጋቢት 29 ነው። በዓሉም ያው በዓለ ፅንሰት፣ የገብርኤል ብሥራት! ስለዚህ የ1595 ፌብሯሪ በዛሬው ቆጠራ የ1596 ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህ አይጠፋውም።

የቀለም ቀንድ፦
ደግሞ «ክላን» የሚሉት፣ ጎሳው፣ በጌልኛ «ልጆች» ማለት ነው፤ ከላቲኑ «ፕላንታ»፣ ከቡቃያ የመጣ ነው ይባላል። የኛም «የዘር ሐረግ» ከሚሳበው ተክል ነው! ይህንስ የኔታ ይክዳሉ?

የኔታ ባሕሩ፦
አሳቡ ይገናኛል፤ ዘሩ አይገናኝም። ኢሳይያስም «ትወፅእ በትር እምሥርወ እሴይ» ይላል፤ በትርና ሥር እንጂ ሐረግ የለበትም። ማቴዎስም «መጽሐፈ ልደቱ» ብሎ ጀመረ። «ሐረግ» ለትውልድ የዋለው በአማርኛው ነው ባይ ነኝ።

ብራና ፋቂ፦
በሐረገ ወይን ተክል የሚመሰል ቤተሰብስ? መዝሙረ ዳዊትን እንደገና ይመልከቱ።

የኔታ ባሕሩ፦
እርሱ «ወይን» ነው፤ መዝሙሩ የሚናገረው ስለ ሚስት ነው እንጂ ስለ ትውልድ ቆጠራ አይደለም።

ሰንበሌጥ፦
ከጆን እስከ ልጆቼ ስቆጥር የአማርኛ ስሙ አለቀብኝ። ከቅድመ አያት በላይ ምን ይባላል? ምንጅላት?

ብራና ፋቂ፦
አዎ፣ ምንጅላት፤ ከዚያ እንጅላት።

የጎንደር ልጅ፦
በመሐል ቅም አያት አለ እንጂ! እኛ ጋ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ምንጅላት ከቅም አያት በኋላ ነው።

የቀለም ቀንድ፦
በእኛ አገር ቅድመ አያትና ቅም አያት አንድ ናቸው። «ቅም» የ«ቅድም» ሲያጥር ነው።

የጎንደር ልጅ፦
ማን አሳጠረው? ማስረጃ አምጣ።