የላቲን ቃላትን መልሶ የሚገነባ ሞዴል አለኝ፤ በየትኛው ጉባኤ ላቅርበው?

ተማሪው፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየጨረስኩ ነው። የጣሊያንኛ፣ የስፓኒሽ፣ የፈረንሳይኛ፣ የፖርቱጋልኛና የሮማኒያኛ ተዛማጅ ቃላትን ተቀብሎ ምንጫቸው የሆነውን የላቲን ቃል የሚገምት ኒውራል ሞዴል (ከምሳሌዎች የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) አሠልጥኛለሁ። ውጤቱ ጥሩ ነው። ከሁለቱ አማካሪዎቼ አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ስለሆኑ ኮንል በሚባለው፣ ኮምፒውተር ቋንቋን በሚማርበት መንገድ ላይ በሚያተኩረው ጉባኤ ላይ አቅርብ ይሉኛል። ሁለተኛዋ የሥነ ልሳን ምሁር ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ዓለም አቀፉን የታሪካዊ ሥነ ልሳን ጉባኤ ይመርጣሉ። ሁለቱ ጉባኤዎች በምን ይለያሉ? በአንዱ ማቅረብ ሌላውን ይዘጋብኛል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ስሌት፦
ኮንል ይሻልሃል። ሙሉ ጥናት ታስገባለህ፤ ስምህ ተሸፍኖ ይገመገማል፤ ካለፈ በኤሲኤል (የኮምፒውተር ሥነ ልሳን ማኅበር) የድረ ገጽ ማኅደር ይወጣና ማንም በነጻ ያነበዋል። ብዙውን ጊዜ ከትልልቆቹ ጉባኤዎች ጋር ተያይዞ ስለሚካሄድ በአንድ ጉዞ ብዙ ሰው ታገኛለህ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲንጋፖር፣ በ2024 ማያሚ የተካሄደው በዚሁ መልክ ነበር። ለዶክትሬት ስታመለክት የሚቆጠርልህ የታተመ ጥናት ነው። በታሪካዊው ጉባኤ ግን የምታስገባው አጭር አኅጽሮተ ጥናት ብቻ ነው።

የድምፅ ሕግ፦
ተማሪው ወንድሜ፣ ለሁለቱም ዓይነት ጉባኤዎች ጥናት ገምግሜአለሁና ልዩነታቸውን ከዚያ ወንበር ሆኜ ልንገርህ።

ኮንል እ.ኤ.አ. በ1997 ማድሪድ ላይ ሲጀመር ማሽን ቋንቋን እንዴት ይማራል የሚለውን ጥያቄ ይዞ ነው የተነሣው። ብዙ ቡድኖች በአንድ ዳታ ላይ ሞዴሎቻቸውን የሚያወዳድሩባቸው የጋራ ውድድሮቹ፣ ለምሳሌ በ2003 የተካሄደው የሰውና የቦታ ስሞችን ከጽሑፍ ውስጥ የመለየት ውድድር፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መለኪያ ትተዋል። በ2023 ደግሞ አንድ ልጅ እያደገ ከሚሰማው በማይበልጥ መጠን፣ በ100 ሚሊዮንና በ10 ሚሊዮን ቃላት ብቻ፣ ሞዴል የማሠልጠን ውድድር አስተናግዷል። እዚያ ያለ ገምጋሚ ሞዴልህ ከማን እንደበለጠና ለምን እንደበለጠ ይጠይቅሃል። የታሪካዊ ሥነ ልሳን ጉባኤ በ1973 ኤድንብራ ላይ ተጀምሮ በመደበኛነት በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። እዚያ ደግሞ የሚያነብህ ሰው ነጥብህን ከማየቱ በፊት ቃላቱን አንድ በአንድ ያያል። ይህ ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል፤ ለአንተ ሥራ ደግሞ በጣም ይበልጣል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቃላቱን ለሞዴሉ የሰጠኸው በፊደል ነው ወይስ በድምፅ? በፊደል ከሆነ የውጤትህ አንድ ክፍል የአንተ አይደለም። ላቲን ሰውን «ሆሞ» ይላል። የመጀመሪያዋ «ህ» ከሕዝቡ አንደበት የጠፋችው ልጆቹ ቋንቋዎች ሳይለያዩ ገና በጥንቱ ዘመን ነው። ጣሊያንኛ «ዎሞ»፣ ስፓኒሽ «ኦምብሬ»፣ ፈረንሳይኛ «ኦም» ይላሉ፤ አንዳቸውም «ህ»ን አያሰሙም። ይሁን እንጂ ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ሲጻፉ ከፊት የማትነበብ ፊደል አለች፤ የተማሩ ጸሐፊዎች ላቲኑን እያዩ ያቆዩአት ናት። ሞዴልህ «ሆሞ»ን ከነ«ህ»ው በትክክል ሲገምት የድምፅ ለውጥን አልተማረም፤ ከጸሐፊዎቹ ተቀብሏል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ስፓኒሽ ያችኑ ፊደል በላቲን «ፍ» ቦታም መጻፉ ነው። «ፋኬሬ» የነበረው «አሴር»፣ «ፊሊዩም» የነበረው «ኢኾ» ሲሆኑ ሁለቱም በጽሑፍ በእርሷ ይጀምራሉ። በድምፅ ብትሠራ ግን ሞዴሉ «ህ»ን ከየትም ሊያመጣት አይችልም፤ ማምጣትም የለበትም። የንጽጽር ዘዴ፣ ማለትም ልጆቹን ቋንቋዎች አነጻጽሮ የጥንቱን ቃል መገመት፣ የሚመልሰው ልጆቹ ያቆዩትን ብቻ ነው። ስለዚህ በጥናትህ ላይ «ላቲንን መልሼ ገነባሁ» ብለህ አትጻፍ። የገነባኸው ልጆቹ የወጡበትን የሕዝብ ላቲን ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያለው ላቲን ከእርሱ ይለያል።

ሁለተኛው ጉዳይ የተውሶ ቃላት ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ነጥብህን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጉልሃል። ፈረንሳይኛ ከላቲኑ «ፍራጊሊስ» ሁለት ቃላት አሉት። «ፍሬል» ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ ነው፤ «ፍራዢል» ግን ምሁራን ዘግይተው ከመጽሐፍ የወሰዱት ነው። ሁለተኛው ላቲኑን ስለሚመስል ለሞዴሉ ቀላል ነው። በዳታህ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቃላት ከበዙ ሞዴልህ የተመሰገነው መቅዳት ስለቻለ ነው ማለት ነው። በትውልድ የመጡትንና የተውሶዎቹን ለይተህ ለየብቻ ውጤት ስጥ። ከጎኑም የጣሊያንኛውን ቃል እንዳለ ከመቅዳት ሌላ ምንም የማይሠራ ፕሮግራም ውጤት አስቀምጥ። ሞዴልህ በትውልድ ቃላቱ ላይ ከዚያ ፕሮግራም በግልጽ ካልበለጠ የትኛውም ጉባኤ ቢሆን ገና ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ መጀመሪያ ለታሪካዊው ጉባኤ አኅጽሮተ ጥናት ላክ። እዚያ የሚቀርበው ንግግር ወዲያው የሚታተም ሙሉ ጽሑፍ አይደለም፤ ከጉባኤው በኋላ ተመርጠውና እንደገና ተገምግመው የሚታተሙ ጥናቶች አሉ፤ በዚያ መሳተፍ የአንተ ምርጫ ነው። ስለዚህ በተለምዶ ሌላውን በር አይዘጋም፤ ቢሆንም የዓመቱን ጥሪ ራስህ አንብብ። ከንግግሩ በኋላ ከታዳሚው የምታገኘውን ትችት ይዘህ ሙሉውን ጥናት ለኮንል አዘጋጅ።

ስሌት፦
በአክብሮት አልስማማም። ጉባኤው በየሁለት ዓመቱ ከሆነ ልጁ ለአኅጽሮተ ጥናት ሲል ዓመት ሊጠብቅ ነው? ደግሞም የሥነ ልሳን ባለሙያን ፈቃድ ሳይጠብቁ የተሳካላቸው ዘዴዎች አሉ። በ2022 ሲግታይፕ (የቋንቋዎችን ዓይነትና ልዩነት የሚያጠናው የኤሲኤል ክፍል) ባዘጋጀው የጋራ ውድድር ላይ የጠፋ ተዛማጅ ቃልን በመገመት አንደኛ የወጣው ሞዴል መነሻው የተጎዳ ሥዕልን መሙያ ዘዴ ነበር። የቃላቱን ሰንጠረዥ እንደ ሥዕል አይቶ ባዶውን ቦታ ሞላ። ዘዴው የመጣው ከምስል ሥራ ነው።

የድምፅ ሕግ፦
ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ እኔም ያንን ሥራ እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰንጠረዡን ማን እንዳዘጋጀው ተመልከት። የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ አስቀድመው የለዩት የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ናቸው፤ ቃላቱም በየቋንቋው ፊደል ሳይሆን ወጥ በሆነ የድምፅ አጻጻፍ ነበር የቀረቡት። ሥዕሉን የሚሞላው ዘዴ የሠራው ሥዕሉ ንጹሕ ስለነበረ ነው። ተማሪውን የምመክረውም ይህንኑ ነው።

በጊዜው ነገር ግን እውነት አለህ። የታሪካዊው ጉባኤ ሩቅ ከሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ። የቋንቋ ለውጥን በኮምፒውተር የሚያጠኑ ሰዎች የሚገናኙበት ኤልቼንጅ የሚባል ዓውደ ጥናት በ2019 ፍሎረንስ ላይ ከኤሲኤል ጋር ተጀምሯል። ብዙው ሥራ የቃላት ፍቺ ለውጥ ላይ ያተኮረ ቢሆንም የድምፅ ለውጥም ቦታ አለው፤ ገምጋሚዎቹም ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ናቸው።

ተማሪው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቃላቱ የተወሰዱት ከመዝገበ ቃላት በፊደል ነው፤ ወደ ድምፅ አጻጻፍ መቀየር እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፣ የተውሶ ቃላቱን እንዴት ልለያቸው? በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱን በሥርወ ቃል መዝገብ ማየት አልችልም።

የድምፅ ሕግ፦
ሁሉንም ማየት አያስፈልግህም፤ የድምፅ ሕጎቹ ራሳቸው ያጣሩልሃል። የላቲን «ክት» በስፓኒሽ በትውልድ ሲመጣ «ች» ይሆናል፦ «ኖክቴም» «ኖቼ»፣ «ኦክቶ» «ኦቾ»፣ «ላክቴም» «ሌቼ» ሆነዋል። ስለዚህ «ዶክቶር»ን «ክት»ውን እንደያዘ ስታገኘው ከመጽሐፍ የመጣ እንደሆነ ጠርጥር። እንዲህ ያሉ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የታወቁ ጥቂት ሕጎችን ጻፍ፣ ሕጉን የሚጥሱትን ቃላት በፕሮግራም አውጣ፣ በመዝገብ የምታረጋግጠው እነዚያን ብቻ ይሁን። ሕጉ የማይነካቸው ቃላት ይቀራሉ፤ እነርሱን «ያልተለዩ» ብለህ በሦስተኛ ክፍል አስቀምጣቸው እንጂ በግምት አትመድባቸው። የሦስቱ ክፍሎች ውጤት ጎን ለጎን የተቀመጠበት አንድ ሠንጠረዥ አኅጽሮተ ጥናትህ ውስጥ ይግባ። እኔ ገምጋሚ ብሆን መጀመሪያ የማየው እርሱን ነው።