በጥር ለሚመጡ እናቶች፦ ስለ ብርድና ጉንፋን

እህቴ፣ እናትሽ ከጥምቀት በኋላ ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ እንደሚመጡ የጻፍሽውን ስላነበብኩ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ጎንደር ነርስ ነኝ። ከጽሑፍሽ ሥር አንድ ወንድማችን «ጉንፋን ከቫይረስ እንጂ ከብርድ አይመጣም» ብሏል። ልክ ነው፣ ብርድ ቫይረስ አይፈጥርም። ግን እናትሽ «ብርድ መታኝ» ቢሉ አትሳቂባቸው፤ ብርዱ ለቫይረሱ በር ይከፍታል።

የአፍንጫችን ውስጥ 33 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሳንባችን 37። ብዙውን ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ የሚመቸው 33ቱ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በአይጥ የመተንፈሻ ሴሎች ላይ ሞክረውት ነበር፤ በ37 ዲግሪ ሴሎቹ ቫይረሱን ቶሎ ለይተው ኢንተርፌሮን የተባለውን ቫይረስ መከላከያ ንጥረ ነገር በብዛት አመነጩ፣ በ33 ግን መከላከያቸው ደከመ። ስለዚህ ውጭ ሲወጡ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ቢከናነቡ «እዚህ አገር እንዲህ አይለበስም» አትበያቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የቤቱ አየር ነው። እዚህ በሩ ተከፍቶ ይዋላል፣ ጠዋት ደጅ ፀሐይ ይሞቃል። እዚያ መስኮቱ ተዘግቶ ሂተሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ አየሩ ይደርቃል። አየሩ ሲደርቅ አክታን ጠርገው የሚያወጡት የመተንፈሻ ቱቦ ጥቃቅን ፀጉሮች ይደክማሉ፣ ከተራ ጉንፋን የሚከብደው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም በደረቅና ቀዝቃዛ አየር በቀላሉ ይተላለፋል። አየር የሚያረጥብ ማሽን ግዢ፤ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ግድግዳው ይሻግታል። ማሽኑንም አዘውትረሽ እጠቢው።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንደደረሱ አስከትቢያቸው። እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ እስከዚያ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የሚጎርፈውን ዘመድ ቀነስ አድርጊ። የሚያስል ሰው ጉንጫቸውን እንዳይስም በግልጽ ተናገሪ፣ ይሉኝታ አይያዝሽ።

አደራ፣ አረጋውያን ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸውም ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ድካም ከበዛባቸው፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ ንግግራቸው ከተምታታ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ቢያሻሹ አትከልክያቸው፣ ግን እሱን ይዛችሁ ሁለተኛው ቀን እንዳያልፍባችሁ። ትንፋሽ ካጠራቸው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው አምቡላንስ ጥሪ።